ሻሽቱ እና ተገልብጠው የመጡት ልጆቿ

በሁሩሙ ከተማ የሻሽቱ ወልደ የሱስን ማር የማያውቅ ጠጅ ጣይ አልነበረም። አያቷ በንጉሡ ዘመን ከመንዝ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሷ ግን ጫካ ውስጥ ቀፎ ከሚሰቅሉት ገበሬዎች ጋር በኦሮምኛ ስትከራከር የሰማት የማን ዘር እንደሆነች ለመለየት ይቸገር ነበር። ማር በጣቷ ጫፍ ቀምሳ፣ ይሄ የቡና አበባ ነው፣ ይሄ የገተማ ዛፍ ነው ትላለች። ሳቂታ ነበረች። ጮክ ብላ ትስቃለች፤ አባቷ አቶ ወልደ የሱስ «ቀስ በይ፣ ሰው ምን ይላል» ይሏት ነበር፤ እሷ ግን ይብስባታል።

ተስፋሚካኤል የሚባል የመቱ ልጅ አገባት። መምህር ነው፤ ዝምተኛ፣ ደግ ሰው። የተመደበው ዳሪሙ ወረዳ ውስጥ፣ ከመኪና መንገድ ወርዶ ረጅም የእግር መንገድ በሚኬድበት ቀበሌ ነበርና ሻሽቱ የማር ጋኖቿን ለእህቷ ትታ ተከተለችው። እናቱ እትዬ ዘውደነሽም ልጃቸው ከሚበላው ከሚጠጣው እንዳይጎድልበት ብለው አብረዋቸው ሄዱ።

በተጋቡ በዓመቱ አረገዘች። በቀበሌው ጤና ጣቢያ ሰኚ የምትባል ገና ከትምህርት ቤት የወጣች አዋላጅ ነርስ ነበረች። ሻሽቱን አስተኝታ ሆዷን በሁለት እጇ ዳበሰችና ከጎድን አጥንቷ ሥር አንድ ክብ ጠንካራ ነገር ላይ እጇን አቆመች።

«ይሄ ጭንቅላቱ ነው» አለቻት። «ወደ ታች መሆን ሲገባው ወደ ላይ ሆኗል።»

«ክፉ ነው እንዴ ሲስተር?»

«ገና ጊዜ አለው፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ይገለበጣሉ። ካልተገለበጠ ግን እዚህ አትወልጂም፤ መቱ ነው የምልክሽ።»

ሻሽቱ ቤቷ ስትመለስ ሆዷን በእጇ እያሸች «ተገልበጥ እንጂ አንተ ግትር» ትለው ነበር። ልጁ አልተገለበጠም። መቱ ሊወስዷት ቀን ቆርጠው ሳሉ፣ ክረምቱ እንደጀመረ፣ ጎህ ሲቀድ የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ።

አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቶ ነበር። ቢኖርም ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያ አልነበረም። ሰኚ ስልክ ስትደውል፣ ኔትወርክ ፍለጋ ደጅና ቤት ስትል አረፈደች። በኋላ ስልኩን ትታ እጇን ታጠበች።

መጀመሪያ የመጣው እግሩ ነው። ቀጥሎ ወገቡ ወጣ። «ወንድ ነው!» አሉ እትዬ ዘውደነሽ፤ ሻሽቱ ልጇ ገና ሳይወለድ ወንድ መሆኑን አወቀች። ደረቱ ወጣ፤ ክንዶቹ ወጡ። ጭንቅላቱ ግን አልወጣም። ሕፃኑ ሲፍጨረጨር በጭኗ ላይ ይሰማት ነበር፤ ትንንሽ ተረከዞቹ ይመቷታል። ሰኚ «ጀባዹ ያ ኢንታላ! በርቺ፣ ግፊ!» እያለች ራሷም ታለቅሳለች። እንደተማረችው አንገቱን ደግፋ፣ ጣቷን አስገብታ፣ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። እየቆየ የተረከዞቹ ምት ላላ። ከዚያም ቆመ።

ጭንቅላቱ ሲወጣ ልጁ አልተነፈሰም። ሰኚ ልጁን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ አፉ ላይ እየተነፈሰች፣ ደረቱን እየተጫነች ብዙ ሞከረች። መጨረሻ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ማርያም ማረችሽ» አሉ እትዬ ዘውደነሽ ወደ ምራታቸው ጠጋ ብለው። «አንቺ ከተረፍሽ እግዚአብሔር ሌላ ይሰጣል። ለሕፃን አይለቀስም ልጄ፤ የሚመጣውን ያስቀራል።»

ክርስትና ያልተነሣ ነውና ፍትሐት አልተደረገለትም። ተስፋሚካኤል ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር ሆኖ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቀበረው። ስም አልነበረውም። ሻሽቱ እንደ አራስ ተኝታ ገንፎ ቀረበላት፤ ጎረቤት እየመጣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል፣ እሷም «እንኳን አብሮ ማረን» ትላለች። ጡቷ ግን ልጅ እንደሌለ የነገረው የለምና በወተት ተወጠረ። በነጠላ ጠፍንጋ አሰረችው። ወተቱ በነጠላው አልፎ ቀሚሷን ሲያርሰው ነው፣ አይለቀስም የተባለውን የረሳችው።

መንደሩ «ነርሷ ገደለችው» ይል ጀመር። ሻሽቱ እንዲህ ብላ አታውቅም። አንድ ቀን ሰኚ ልትጠይቃት መጣችና ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ቡናም አልቀመሰች፣ እህልም አልነካች።

«በትምህርት ቤት በአሻንጉሊት ነው ያዋለድነው» አለች በመጨረሻ። «በእግሩ የሚመጣ ልጅ በሰው ላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። የለመደ እጅ ቢሆን ምናልባት…»

«ተዪው ሲስተር» አለች ሻሽቱ። «ያለሽው እጅ እሱ ነው።»

ሰኚ ተነሥታ ሄደች።

ሁለተኛውን ስታረግዝ ሻሽቱ ማንንም አልሰማችም። ወሯ ሲገባ ሁሩሙ አባቷ ቤት ገባች፤ ከዚያ መቱ በሚኒባስ ቅርብ ነው። በሆስፒታሉ አልትራሳውንድ ያያት ሐኪም ወጣት ነው፤ ሲናገር ቃላቱን የሚመዝን ዓይነት ሰው። መሣሪያውን ሆዷ ላይ አንሸራትቶ ሲጨርስ ወንበሩን ወደሷ አዞረ።

«ይሄኛውም ወደ ላይ ነው ያለው። በመቀመጫው ነው የሚመጣው።»

ሻሽቱ ዓይኗን ጨፈነች። ተስፋሚካኤል እጇን ያዘ።

«ሁለት መንገድ አለ» አለ ሐኪሙ። «አንደኛው በምጥ መውለድ ነው። ልጁ ትልቅ አይደለም፤ እግሮቹን ወደ ላይ አጥፎ መቀመጫውን ነው ያስቀደመው፤ ይሄ በእግር ከሚመጣው ይሻላል። የለመደ ሰው አጠገብሽ ካለ፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉም ከተዘጋጀ፣ በዚህ መንገድ በደህና የሚወለዱ ብዙ ናቸው። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ለልጁ አደጋው ያንሳል። ላንቺ ግን ራሱን የቻለ አደጋ አለው፤ ማሕፀንሽ ላይም ጠባሳ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በምታረግዢው ሁሉ ሆስፒታል አጠገብ መሆን አለብሽ። ያ ጠባሳ በምጥ ሊከፈት ይችላል።»

«ጭንቅላቱ እንደማይያዝ ይምሉልኛል?» አለች።

«አልምልም።»

«እንግዲያው ቅደዱኝ።»

እትዬ ዘውደነሽ ይህን ሲሰሙ አዘኑ። «እግዜር የሠራው በር እያለ ግድግዳ ይፈረሳል?» አሉ። ተስፋሚካኤል እናቱን መልስ ሰጥቷቸው የማያውቅ ሰው ነው፤ የዚያን ዕለት ግን «በበሩ የመጣውን አይተናል እማዬ» አለና ፈረመ።

ገሊላ ተወለደች። ጩኸቷን ሻሽቱ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና ሰማችው፤ ከወገቧ በታች ደንዝዟል፣ የሚነካካት እጅ ይታወቃታል፣ ሕመሙ ግን የለም። ልጅቷን ጉንጯ ላይ ሲያስነኳት ሳትስቅ ሳታለቅስ «እስቲ ደግማ ትጩህ» አለች። ልጅቷ ደገመችው። ቁስሉ ለመዳን ጊዜ ወሰደ፤ ስታስል ሆዷን በትራስ ደግፋ፣ ከአልጋ ስትነሣ ባሏ ጎትቷት ነበር። ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ በሩ ድረስ መጥቶ «የነገርኩሽን አትርሺ» አላት። አልረሳችም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ደግ ነበሩ። ወደ ዳሪሙ ተመልሰው ገሊላ በትምህርት ቤቱ ግቢ አደገች። በቤት አማርኛ፣ በደጅ ኦሮምኛ፣ አንዳንዴ ሁለቱንም በአንድ አፍ ትናገራለች። ሻሽቱም ያ የድሮ ሳቋ ተመለሰላት።

ገሊላ ፊደል መቁጠር ስትጀምር ሻሽቱ ሦስተኛውን አረገዘች። ሰኚ እንደገና ሆዷን ዳበሰች። በመሀሉ ጅማ ሄዳ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዳ የተመለሰች፣ የበሰለች ሴት ሆናለች። ፊቷ በራ።

«ቀጥ ብሏል! ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው።»

ሻሽቱ ሳቀች። ወዲያው ሰኚ ቆጣ አለች፦ «ቢሆንም እዚህ አትወልጂም። ወርሽ ሳይሞላ መቱ ትገቢያለሽ፤ የእናቶች ማቆያ ውስጥ ተኝተሽ ትጠብቂያለሽ። ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ለገሊላ የበዓል ቀሚሷን አልብሼ፣ በማግሥቱ እሄዳለሁ።»

በዚያ ሰሞን መንገዱ ተዘጋ። ማን እንደዘጋው፣ ስለምን እንደዘጋው የተጠየቀ ሁሉ የየራሱን ይናገር ነበር፤ መኪና ግን አልነበረም። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል እየተባለ ሳምንት አለፈ። ተስፋሚካኤል በበቅሎ ሊወስዳት አሰበ፤ ሰኚ «በቅሎ ላይ ምጥ ቢመጣስ?» ብላ ከለከለችው። በበቅሎ መሄዱ ይሻል እንደነበር ወይስ መቆየቱ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ያስበዋል።

ምጡ ከቀኑ ቀድሞ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ሻሽቱ ጤና ጣቢያው ስትደርስ ምጡ ገፋ፤ ልጁ ቀጥ ብሎ ስለመጣ ቶሎ የሚወለድ መስሏት ነበር። በመሀል ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ አሮጌ ጨርቅ ሲተረተር ተሰማት። ከዚያም ምጡ ቆመ።

«ኧረ ተወኝ» አለች እፎይ ብላ። «ሲስተር፣ ተወኝ እኮ!»

ሰኚ የልጁን ልብ ምት የምትሰማበትን መሣሪያ ሆዷ ላይ አስቀመጠች። አንሥታ ሌላ ቦታ አስቀመጠች። ፊቷ ሲለወጥ ሻሽቱ አየች፤ የምታውቀው ፊት ነበር።

የመንደሩ ገበሬዎች ቃሬዛ አምጥተው ተሸከሟት። ሲደክማቸው «ኮቱ! ኮቱ! ና ያዝ!» እየተባባሉ፣ አንዱ ለአንዱ እየተቀባበሉ ሩጫ በሚመስል እርምጃ ሄዱ። ሰኚ የግሉኮሱን ከረጢት ከፍ አድርጋ ይዛ ከጎኗ ሮጠች፤ ክንዷ ሲዝል ለተስፋሚካኤል ትሰጠዋለች፣ የሱም ክንድ ሲዝል መልሳ ትቀበለዋለች። መንገድ የዘጉት ሰዎች ቃሬዛውን ሲያዩ ዞር ብለው አሳለፏቸው። ከተዘጋው ቦታ ማዶ መኪና መንገዱ ላይ ቆሞ የነበረ አንድ የቡና ጭነት መኪና ተለምኖ መቱ አደረሳቸው።

ስትነቃ ባሏ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጧል። ጫማው ከነጭቃው ነው።

«ምን ነበር?» አለችው።

«ወንድ።»

«ጭንቅላቱስ?» አለች።

«ጭንቅላቱማ ቀጥ ያለ ነበር» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ማሕፀኗን አውጥተውታል። ደሙ በሌላ መንገድ አልቆም ብሎ ነበር። ይህን የነገራት ያ ሐኪም ነው፤ አሁን ጎልምሷል፣ ፀጉሩም ሳስቷል። አጎንብሶ ሲናገር ሻሽቱ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ያኔ ባልቀደድ ኖሮስ?» አለችው።

ሐኪሙ ቀና አለ። «ልጅሽ በምጥም በደህና ልትወለድ ትችል ነበር። እንደ መጀመሪያው ወንድሟም ልትሆን ትችል ነበር። በወቅቱ የማውቀውን ነው የነገርኩሽ፤ ዛሬም ከዚያ በላይ አላውቅም።»

«መሐላ ስጠይቅዎት እምቢ ብለውኛል» አለች። «ያ ደግነት ነበር።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ወደ ዳሪሙ አልተመለሰችም። ተስፋሚካኤል ዝውውር ጠይቆ ሁሩሙ መጣ፤ እሷም ጋኖቿን ከእህቷ ተረከበች። እትዬ ዘውደነሽ ልጃቸውን «ወንድ ልጅ ሳታይ ልትቀር ነው?» ሲሉት ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ሰምታለች። «ሁለት አይቻለሁ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሡም። ሳቋ አልተመለሰም። ማር ገዢዎች ስታነጋግራቸው ፈገግ ትላለች፤ በቃ፣ ከዚያ አታልፍም።

ከሁሉ የባሰው ገሊላ ያመጣችው ነው። የጎረቤት ሴት ነግራት ይሁን ልጆች ሲጣሉ ሰድበዋት፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች።

«እማዬ፣ የእናትሽን ሆድ ያስቀደድሽው አንቺ ነሽ ይሉኛል። ወንድሜ የሞተው በኔ ነው?»

ሻሽቱ ሰም ታጣራ ነበር። እጇን ሳትጠርግ ልጅቷን ሳበቻት።

«ባንቺ አይደለም። ተቀድጄ ልውለድ ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም መልሰው ቢጠይቁኝ እንደዚያው ነው የምላቸው።»

የተናገረችው እውነት ነበር። ይሁንና ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ያን ሦስተኛውን ልጅ በገዛ እጇ ዳግም የቀበረችው መሰላት። ለሱም እኮ እናቱ ናት። ገሊላ ቀሚስ ላይ የሰም አሻራ ቀረ፤ ሲታጠብም አልለቀቀም።

አጠገባቸው ሱቅ ያለው ነጋዴ ከስልጤ ያመጣት ሚስት ነበረችው፤ ነኢማ ትባላለች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ መቱ ስትታይ ልጁ በመቀመጫው እንደሚመጣ ነገሯት። የሻሽቱን ታሪክ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃልና እያለቀሰች መጣች።

«እትዬ ሻሽቱ፣ የቱን ልምረጥ? እርስዎ ሁለቱንም ያውቁታል።»

ሻሽቱ የምታውቀውን በልቧ ብታዞረው ብታገላብጠው ምክር ሊሆን አልቻለም። አንዱ ልጅ በበሩ ሞተባት፤ አንዷን በቀዶ አገኘች፤ ያው ቀዶ ሌላውን ወሰደባት።

«የቱንም ምረጪ አልልሽም» አለቻት። «ሐኪሙ ስለ ልጁም ስላንቺም የሚነግርሽን እስከ መጨረሻው ስሚው፤ ያልገባሽን ጠይቂ፣ አትፈሪ። እዚያው ሆስፒታሉ ሥር ሆነሽ ጠብቂ እንጂ ከመቱ አትራቂ። እናትሽ ሩቅ ናቸው፤ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ነኢማ በምጥ መውለድን መረጠች። ልጁ እግሩን ወደ ላይ አጥፎ ነበር፣ ክብደቱም መካከለኛ ነው፤ የዚያን ዕለትም እንዲህ ያለውን ብዙ ያዋለደች ትልቅ አዋላጅ ተረኛ ነበረች። ኦፕራሲዮን ክፍሉም ክፍት ሆኖ ይጠባበቅ ነበር። ሻሽቱ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳለች። አዋላጇ «አትጎትቱት፣ አትንኩት፣ ራሱ ይምጣ» ስትል ሰማች። ቀጥሎ ዝምታ ሆነ። 

ሕፃኑ ጮኸ።

ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሴቶች እልል አሉ። ሻሽቱ አፏን ከፈተች፤ እልልታው ግን አልመጣላትም። ለነኢማ ደስ ብሏታል፤ ደስታው እውነተኛ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ለማንም የማይነገር፣ መራራ። ያ የለመደ እጅ ያኔ ዳሪሙ ላይ ለምን አልነበረም? ያ ክፍት ክፍል ለምን መንገድ ማዶ ሆነባት? የሌላ ሰው ልጅ በሕይወት በመውጣቱ ልቧ ሲከፋ ራሷን ጠላች። ወደ ግቢው ወጥታ ከቧንቧው ፊቷን ታጠበች፤ አንዲት አስታማሚ «ሰው ሞቶብሽ ነው እህቴ?» ብትላት «አይ፣ ተወልዶልን ነው» አለች።

ተመልሳ ስትገባ ነኢማ ሕፃኑን ዘረጋችላት። መቀመጫው በልዟል፣ እግሮቹን ቢዘረጉለትም መልሶ ወደ ጆሮው ያጥፋቸዋል። ሻሽቱ ተቀብላ አቀፈችው፤ «ማን ትሉታላችሁ?» አለች። አባቱ ሲመጣ እንደሚያወጣለት ነኢማ ነገረቻት።

በሚኒባስ ሁሩሙ ስትገባ ገሊላ ከበሩ ጠበቀቻት።

«ወለደች?»

«ወለደች።»

«ተቀድዳ ነው?»

«አይደለም።»

ልጅቷ ሌላ ልትጠይቅ ፈልጋ የእናቷን ፊት ስታይ ተወችው። ሻሽቱ ገብታ እንደለበሰች ጋደም አለች። ገሊላ ጫማዋን አወለቀችላት፤ ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ማር ሊገዛ ለመጣ ሰው «ዛሬ አንሸጥም» ስትል ከውስጥ ይሰማ ነበር።